በቤታችን ውስጥ በስውር ስለሚፈስ ውኃ

በነገሌ ቦረና ስለ ውኃ መናገር ስለ ኑሮ መናገር ነው። ከተማችን በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ትገኛለች ቢባልም፣ ሁለቱ ወንዞች ርቀው በቆላው ወርደው በዶሎ ይገናኛሉ እንጂ ደጃችን አይደርሱም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚሁ በነገሌ የነበሩት ወታደሮች ያመፁት በምግባቸው መጥፎነትና በመጠጥ ውኃ ምክንያት ነበር። የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፤ ከዚያች ቀን የተነሣው ነገር በዚያው ዓመት አገሩን ሁሉ አናወጠ። በእኛም ዕድሜ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ስለ ከሸፉ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም አይተናል።

እንግዲህ ውኃ እንዲህ በሚወደድበት አገር፣ ከሩቅ የመጣውን ውኃ ከጓሮአችን ሳናውቅ ስናፈሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስብናል። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝም በቤታችን የደረሰው ነገር ነው።

በግቢያችን ሦስት ቤተ ሰብ እንኖራለን፤ የውኃ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሒሳቡን እንካፈላለን። ባለፈው ታኅሣሥ ወር የመጣው ሒሳብ ከወትሮው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። አባቴ ቆጣሪው ተበላሽቷል አለ። እናቴ ግን ጥርጣሬዋን የሰው ልብስ በማጠብ ልጆቻቸውን በሚያሳድጉት ተከራያችን ላይ ጣለች። «እኔ የማጥበው በለካሁት ጀሪካን ነው» ብለው ቢምሉም የሚሰማቸው አልተገኘም፤ አልቅሰው ሌላ ቤት መፈለግ ጀመሩ። እኔም ከመጣላት በፊት መለካት ይሻላል ብዬ ቆጣሪውን ማየት ጀመርሁ።

ቆጣሪን ማንበብ ከባድ አይደለም። ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ማለት ነው። በብዙ ቆጣሪ ላይ ከአኃዞቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ መንኰራኵር አለች። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ እርስዋ የምትዞር ከሆነ ውኃው አንድ ቦታ እየወጣ ነው።

ነገር ግን እንደ እኛ ባለው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውኃ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የነበረው አየር አስቀድሞ ይወጣል፤ አየሩም ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ውኃው እንደ መጣ ሳይሆን፣ አየሩ ወጥቶ አወራረዱ ከተስተካከለ በኋላ መለካት ይገባል። ሮቶውም እየሞላ ከሆነ ቆጣሪው መዞሩ አይቀርምና የሮቶው መግቢያ መዘጋት አለበት።

እኔም የውኃ ተራችን በደረሰበት ሌሊት ሮቶው ከሞላ በኋላ መግቢያውን ዘጋሁ፤ የግቢውን ሰው ሁሉ አስፈቅጄ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን ጻፍሁ። ማንም ሳይቀዳ አደረ። በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስመለከት 90 ሊትር ጨምሮ አገኘሁት። ሁላችንም ተኝተን ሳለን አራት ጀሪካን ተኩል ውኃ ፈሷል ማለት ነው። ተከራያችንም ተኝተው ነበር።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ውኃው በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ነው። ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው አንድ ክፍል፣ ከሮቶው እስከ ቤቱ ያለው ሌላ ክፍል ነው። ለሁለተኛው ክፍል ቆጣሪ አያስፈልግም። የሮቶውን መግቢያ ዘግቶ፣ መውጫውን ግን ከፍቶ፣ ማታ ንጹሕ ዘንግ አግብቶ ውኃው የደረሰበትን ምልክት ማድረግ፣ ጠዋትም እንደገና መለካት ነው። ማንም ሳይቀዳ ውኃው ከወረደ ጥፋቱ ከሮቶው ወዲህ ነው። ይህ ፈተና ውኃ በጠፋበትም ቀን ይሠራል። በእኛ ቤት ሮቶው ከምልክቱ አልወረደም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው፣ በመሬት ውስጥ በተቀበረው አሮጌ የብረት ቧንቧ ላይ መሆኑ ታወቀ።

ሮቶው ቢወርድ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ሳጥን በሆነ ነበር። እዚያ የሚፈስ ውኃ ድምፅም መልክም የለውም። የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ሳይለቀቅ መቀመጫው ላይ ቀይ ውኃ ከታየ የታችኛው ጎማ አርጅቷል። የሚያንጠባጥብም ቧንቧ አይናቅ። እኔ ከኵሽናችን ቧንቧ ሥር ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ባስቀምጥ በአንድ ሰዓት ሞላ። ይህ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር፣ ይኸውም 9 ጀሪካን ነው። የቧንቧውን ጎማ መለወጥ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በመሬት ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ያገኙልን ወተት የሚያመጡልን፣ እኛ ልጆች «አኮ» የምንላቸው አንዲት የቦረና አሮጊት ናቸው። ከአጥሩ ሥር ቆመው፣ «ልጄ፣ በጥር ወር ይህ ሣር ምን ጠጥቶ ለመለመ? ግልገሎቹም ከዚህ አልነሣ አሉ» አሉኝ። እኛ በየቀኑ እያለፍን ያላየነውን እርሳቸው አንድ ጊዜ አይተው አወቁት። አፈራችን አሸዋማ ስለ ሆነ ውኃውን ይጠጣዋል፤ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ጭቃ አይታይም። ሣሩ ግን አይዋሽም። ቧንቧው በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ቢሆን ምልክቱ የሚላጥ ቀለም፣ የሚያብጥ ልስንና የማይደርቅ እርጥበት ነው፤ እርጥበቱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነም ከመንካት በፊት መብራቱን ማጥፋት ግድ ነው። በሌሊት ጸጥታ የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ ቢያዳምጡ የሚያመልጠው ውኃ ሲያፏጭ ይሰማል።

ጥገናውን ከአባቴ ጋር እንዲህ አደረግነው። አስቀድመን ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዘጋን። ዶማው ቧንቧውን እንዳይመታው ከጎንና ከጎን እየቆፈርን ወረድን፤ ሲቃረብ በእጃችን ጠረግነው። ዝገት የበላው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቀዳዳ አገኘን። ለዚያች ቀን የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠምጥመን በሽቦ አጠበቅነው። ይህ ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ የዛገውን ክፍል በመጋዝ ቆርጦ አወጣና ጥርሱን በቴፍሎን ጠቅልሎ በአዲስ ቧንቧ ቀጠለው። አፈሩን ከመመለሳችን በፊት ውኃ እስኪመጣ ጠብቀን መገጣጠሚያው ደረቅ መሆኑን አየን። ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለውን ቧንቧ ግን ባለቤቱ ሊነካው አይገባም፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ነው። በተረፈ በፀሐይ ላይ የተዘረጋ የላስቲክ ቧንቧ በቆላው ሙቀት ይሰባበራልና መቅበር ወይም መሸፈን ይበጃል።

ወላጆችና ጓደኞቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ቀዳዳ ሁለት በር ነው። ውኃው በኀይል ሲመጣ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ውኃው ጠፍቶ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። በፈረቃ በምንኖር በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሞያሌም ይህ በየሳምንቱ የሚሆን ነው። ቧንቧው በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ካለፈ የሚመጣው በሽታ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ መድፈን ገንዘብ ማዳን ብቻ ሳይሆን ጤና ማዳንም ነው፤ ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውንም ውኃ ለመጠጥ አለማዋል መልካም ነው።

ቦረናዎች ከጥልቁ ኤላ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ ውኃ ያወጣል። የከብቱን ተራ የሚቈጣጠር «አባ ሄሬጋ» አለ፤ ሰውም የጭቃውን ገንዳ እየለሰነ ይጠብቃል። በስንት ክንድ የወጣ ውኃ መሆኑን ስለሚያውቅ አያፈሰውም። እኛ ግን ቧንቧ ስለ ከፈትን ብቻ ድካሙን ረሳነው።

የሚቀጥለው ወር ሒሳብ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እናቴ ቡና አፍልታ ተከራያችንን ጠርታ፣ በሁላችን ፊት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይቅር በሉኝ» አለች። እርሳቸውም ይቅር ብለው ዛሬ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ከዘጠና ሊትሩ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በአንዲት የምስር ፍሬ በምታህል ቀዳዳ የአንዲት እናት ስም ሊፈስ የነበረው ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ የሒሳብ ወረቀት ሲከብድባችሁ ጎረቤታችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው የውኃ ሌሊት ቆጣሪያችሁን አንብባችሁ እደሩ።