ስለ ምልክት ቋንቋና ጭፈራ፦ የሚባለውና እውነታው

በ2021 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን ቢቲኤስ በአንድ ዘፈኑ ጭፈራ ውስጥ «ደስታ»፣ «ጭፈራ» እና «ሰላም» የሚሉ የምልክት ቋንቋ ምልክቶችን ሲያስገባ፣ ብዙ ወጣቶች እየጨፈሩ ተማሯቸው። በኢሉባቦር ሁሩሙና መቱ ያሉ ወጣቶችም ቲክቶክ ላይ በጭፈራ ምልክት መማርና ማስተማር ይችላሉ፤ እኔም ቢያደርጉት እወዳለሁ። በመጀመሪያ ግን አንዳንድ የተሳሳቱ አባባሎችን እናርም።

«ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር ነው» ይባላል። ሐሰት ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ይህ ለኢሉባቦር ትልቅ ቁም ነገር ነው፦ ቤተሰቡ አፋን ኦሮሞ የሚናገር መስማት የተሳነው ልጅና አማርኛ ከሚነገርበት ቤት የወጣ እኩያው፣ ሁለቱም ምልክቱን ከተማሩ ያለ አስተርጓሚ ይጫወታሉ።

አማርኛ ወደ ምልክት ቋንቋው የሚገባው በጣት ፊደል ነው፤ እሱም በአብዛኛው ለስምና ምልክት ላልወጣለት ቃል ነው። የእጁ ቅርጽ «ሰ»ን ይይዛል፤ ከዚያ ቅርጹ ሳይለወጥ በእንቅስቃሴው ብቻ ሱ፣ ሲ፣ ሳ እያለ እስከ ሳብዑ ሶ ይሄዳል። ሰባት ድምፅ፣ ሰባት እንቅስቃሴ! ለጨፋሪ ከዚህ የተመቸ መነሻ አላውቅም።

«በዓለም ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ከ300 በላይ ምልክት ቋንቋዎች እንዳሉ ይገልጻል። የእኛው ከአሜሪካው ብዙ ቢዋስም፣ የአሜሪካ ቪዲዮ ቀድቶ ሁሩሙ ላይ ማስተማር አያዋጣም።

«መስማት የተሳነው አይጨፍርም» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፦ የከበሮው ንዝረት በወለሉ በኩል እግር ድረስ ይመጣል፣ ምቱም በዓይን ይቆጠራል። በአሜሪካ የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ የጭፈራ ቡድን ከ1950ዎቹ ጀምሮ መድረክ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «የእጁን ቅርጽ ከያዝኩ በቃ» የሚለው ነው። ጥያቄን ከተራ ንግግር የሚለየው ብዙ ጊዜ ቅንድብና ፊት ነው። ዘፈኑ ሲፈጥን ምልክቱ ይቆረጣል፤ ስልኩ ሲቀርብ ክርን ከምስሉ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ውዝዋዜ እንጂ ቃል አይደለም። ስለዚህ አስተማሪው መስማት የተሳነው ሰው ይሁን፤ ስሙም ቪዲዮው ላይ ይጻፍ። ከመለቀቁ በፊትም ድምፁ ተዘግቶ ምልክቱን ለሚያውቅ ሌላ ሰው ይታይ። ካልገባው እንደገና ይቀረጽ።