ቆሞ የሚከርም መኪና ባትሪና የፀሐይ ብርሃን

ሥራ የፈታ ዕቃ ያርፋል እንጂ አያልቅም የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ይህ እምነት በመደርደሪያ ላይ ለተቀመጠ ሳህን ይሠራ እንደ ሆነ እንጂ ለመኪና ባትሪ ፈጽሞ አይሠራም። ባትሪ በሥራ ብዛት እንደሚያልቅ ሁሉ በሥራ ማጣትም ይሞታል።

ከመካከላችን የራሱ መኪና ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ከወር ወደ ወር ሳይነዳ የሚቆም መኪና የማያውቅ የለም። አንዱ ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ሄዶበት ነው፤ አንዱ የነዳጁ ዋጋ ከብዶት ነው፤ አንዱም ጡረታ የወጣ አባት ለሰንበትና ለለቅሶ ብቻ ስለሚያወጣው ነው። እንዲህ ያለው መኪና በተፈለገበት ቀን ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ይልና ዝም ይላል። ቀኑ የሰንበት ቀን ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል ወይም በኬብል ይነሣል። ነገር ግን በመንደር ውስጥ የቆመ አንድ መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወይም በድንገት የታመመ ልጅ ሲኖር ሰው ሁሉ የሚሮጠው መኪና ወዳለበት በር ነው። በዚያች ሰዓት የባትሪው መኖርና መሞት ትልቅ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ባትሪው ለምን እንደሚደክምና በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ እንዴት በሕይወት ማቆየት እንደሚቻል ጠለቅ ብሎ መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ባትሪው ጠባይ እንነጋገር። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ብዙ ቢሻሻልም መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በድምሩ ባለ 12 ቮልት ይባላል። በየክፍሉ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ አሲዱ ከሰሌዳዎቹ ጋር ይዋሐድና በሁለቱም ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይፈጠራል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ሰልፌቱ ተመልሶ እርሳስና አሲድ ይሆናል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተፈጠረው ሰልፌት ደቃቅ ስለ ሆነ በቀላሉ ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ጎድሎ ለሳምንታት ከቆየ ደቃቁ ሰልፌት እየተያያዘ ትልልቅና ጠንካራ ቅንጣት ይሆናል። ከዚህ በኋላ ኃይል ቢሰጡትም አልመለስም ይላል፤ የባትሪው የመያዝ ችሎታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪን የሚገድለው አንድ ቀን ባዶ መሆኑ ሳይሆን ባዶ ሆኖ መክረሙ ነው።

ታዲያ ማንም ሳይነካው ኃይሉ ወዴት ይሄዳል? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በራሱ በባትሪው ውስጥ የሚደረገው መጉደል ነው፤ ይህም በመጠነኛ የአየር ሙቀት በወር ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ይሆናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር መጉደሉ እጥፍ ያህል ስለሚሆን በድሬዳዋ የቆመ ባትሪ በአዲስ አበባ ከቆመው ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛው የመኪናው ዕቃዎች ተኝተው የሚበሉት ነው፤ ሰዓቱ፥ የሬዲዮው ማስታወሻ፥ የሌባ ደወሉና ከሩቅ በሩን የሚከፍተው መሣሪያ ሌሊትና ቀን አያርፉም።

ይህን በቁጥር እንየው። ቮልት በቧንቧ ውስጥ እንዳለ የውሃ ግፊት፥ አምፔር እንደሚፈሰው ውሃ መጠን፥ አምፔር-ሰዓት ደግሞ በጋን ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ውሃ ሊቆጠር ይችላል። የአንዲት የቤት መኪና ባትሪ 60 አምፔር-ሰዓት ይይዛል እንበል። ተኝተው የሚበሉት ዕቃዎች 30 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስዱ በ24 ሰዓት 0.72 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። በራሱ የሚጎድለውን 0.08 ስንጨምርበት በቀን 0.8፥ በወር 24 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። ሙሉ የነበረው ጋን በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ 40 ጎደለ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ የቀረው 12 ብቻ ነው። ያረጀ ባትሪ ከሆነማ ሁለት ወር አይቆይም። ሞተሪኖው ደግሞ ሞተሩን ለማዞር ከመቶ በላይ አምፔር በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ባትሪው ፈጽሞ ባዶ እስኪሆን ሳይጠብቅ ያቅተዋል።

አንዳንድ ሰው መድኃኒቱ በየሳምንቱ ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ነው ይላል። ይህ የጎደለውን ባትሪ አይሞላም፤ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ዲናሞው የሚሰጠው ጥቂት ነው፥ ባትሪውም የሚቀበለው በዝግታ ነው። ከዚህም በላይ ነዳጅ ይባክናል፤ ያልሞቀው ማርሚታ ውስጥም ውሃ ይጠራቀማል። መኪናውን አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት መንዳት ግን ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፀሐይ እንመለስ። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊፈጥር መቻሉን ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 አሳየ፤ ለሥራ የሚበቃው የሲሊኮን ሴል ግን እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተሠራ። ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ሁለት የሬዲዮ ማሠራጫዎች ይዛ ወደ ሰማይ ወጣች፤ አንዱ በባትሪ ብቻ፥ ሁለተኛው በትንንሽ የፀሐይ ሴሎች የሚሠራ ነበር። የባትሪው ማሠራጫ በጥቂት ወራት ውስጥ ዝም ሲል የፀሐዩ እስከ 1964 ድረስ ድምፁን አሰማ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ይዞ ከማይተካ ይልቅ ጥቂት እያገኘ በየቀኑ የሚተካ ይበረታል። የቆመው መኪናም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው የፀሐይ ሰሌዳ ከአንድ ደብተር እምብዛም የማይበልጥ ባለ 10 ዋት ነው። ብዙውን ጊዜ 36 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘውበት 18 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ በጥሩ ፀሐይም 0.55 አምፔር ያህል ያፈስሳል። በአዲስ አበባ በበጋ የቀኑ ብርሃን ቢጠራቀም 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ እናገኛለን ብለን እናስብ፤ ለክረምት ደግሞ ጥንቃቄ እንዲሆነን 3 ሰዓት ብቻ እንያዝ። ስለ አቧራና ስለ ልዩ ልዩ ብክነት ሩቡን ብንቀንስ በበጋ በቀን 2፥ በክረምት 1.2 አምፔር-ሰዓት ይተርፈናል። የሚያስፈልገን 0.8 ስለ ነበረ ባለ 10 ዋቱ ክረምት ከበጋ ይበቃል። ባለ 5 ዋቱ ግን በበጋ 1 ቢሰጥ በክረምት 0.6 ብቻ ስለሚሰጥ ልክ ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ በሄደበት ወራት ያሳፍራል። ሰሌዳው ከፊት መስተዋት በስተጀርባ የሚቀመጥ ከሆነ መስተዋቱ ብዙ ብርሃን ስለሚያስቀር እጥፉን፥ ማለት ባለ 20 ዋቱን መምረጥ ይሻላል።

በሰሌዳውና በባትሪው መካከል ደግሞ መቆጣጠሪያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሥራው እንደ በር ጠባቂ ነው። ባትሪው ሲሞላ መግቢያውን እያጠበበ ግፊቱን 13.6 ቮልት ገደማ ላይ ይይዘዋል፤ ሌሊትም ኃይሉ ከባትሪው ወደ ሰሌዳው እንዳይመለስ ያግዳል። እርሱ ከሌለ የሞላው ባትሪ በየቀኑ እየተገፋ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለወጣል፤ ሰሌዳዎቹም ይጎዳሉ። መቆጣጠሪያ በሚገዛበት ጊዜ ራሱ የሚበላውን መጠየቅ ይገባል፤ 10 ሚሊአምፔር የሚበላው በቀን 0.24 አምፔር-ሰዓት ይወስዳልና ከዚህ ያነሰው ይመረጣል። የባትሪው ዓይነትም መታወቅ አለበት፤ ለእርሳስ ባትሪ የተስተካከለ መቆጣጠሪያ ለሊቲየም ባትሪ አይሆንም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ አስቀድሞ ባትሪው በሚገባ ይሞላ። መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፥ 12.2 ግማሽ፥ 12.0 ሩብ ያህል ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃው ይታይ፤ ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም።

2ኛ/ ሰሌዳው ጥላ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለ ሆኑ በአንዱ ላይ ያረፈ የቅጠል ጥላ የሁሉንም ፍሰት ያንቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለ ሆነች ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ ስለዚህ ሰሌዳው አግድም ሊተኛ ይችላል። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘንብል። መኪናው በጨለማ ጋራዥ የሚቆም ከሆነም ሰሌዳውን በጣራ ላይ አስቀምጦ ሽቦ መሳብ ይቻላል፤ ባለ 1 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በ10 ሜትር ርቀት ላይ የሚያባክነው ከ0.2 ቮልት በታች ነው።

3ኛ/ መቆጣጠሪያው በመጀመሪያ ከባትሪው ጋር፥ ቀጥሎ ሰሌዳው ከመቆጣጠሪያው ጋር ይያያዝ፤ ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው። ቀዩ ሽቦ በባትሪው ፖዚቲቭ ራስ ላይ፥ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም ያልተቀባ የመኪናው ብረት ላይ ይታሰር። በቀዩ ሽቦ ላይ ከባትሪው አጠገብ ትንሽ ፊውዝ ይግባ። ሽቦው ኮፈኑ ሲዘጋ እንዳይቆረጥ ይጠንቀቁ። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በኩል ማያያዝ ቀላል ቢመስልም በብዙ መኪናዎች ቁልፉ ሲወጣ ቀዳዳው ስለሚዘጋ ምንም አይገባም።

4ኛ/ በባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፤ ክብሪትም አይጫር። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል፤ አሲዱም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

5ኛ/ በየወሩ አንድ ጊዜ ሰሌዳው ይወልወል፤ ቮልቱም ይለካ። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ከልክ ያለፈ ተስፋ እንዳይኖር ማስጠንቀቅ ይገባል። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ጠባቂ እንጂ ሐኪም አይደለም። ፈጽሞ ባዶ በሆነ ባትሪ ላይ ባለ 10 ዋት ሰሌዳ ቢታሰር በበጋ እንኳ ከዕለት ፍጆታው የሚተርፈው 1.2 አምፔር-ሰዓት ስለ ሆነ 60ውን ለመሙላት 50 ቀን ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ሰልፌቱ ይጠነክራል። የወደቀ ባትሪ በመጀመሪያ በትልቅ ቻርጀር መሞላት አለበት። ደግሞም ለሁሉ የፀሐይ ሰሌዳ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። መኪናውን ሦስት ወር እንደማይፈልገው የሚያውቅ ሰው የኔጌቲቩን ራስ ፈትቶ ቢያስቀምጥ የሚጎድልበት በራሱ የሚባክነው ብቻ ነው፤ ዋጋውም አንድ ቁልፍ መፍቻ መያዝ ብቻ ነው። የፀሐዩ ሰሌዳ የሚያስፈልገው መኪናው ብዙ ጊዜ ቆሞ፥ ነገር ግን በጠሩት ሰዓት እንዲነሣ ለሚፈልግ፥ ደወሉም እንዳይጠፋ ለሚሻ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የቤንዚን መኪና ነገር ነው፥ እርሱም ሊያልፍ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። በአንዳንዶቹ ይህ ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም። ስለዚህ ጉዳዩ ገና አላለፈም።

በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው የገንዘቡና የጤናው ነገር ነው። ትንሹ ሰሌዳ ከነመቆጣጠሪያው ብዙውን ጊዜ ከአንድ አዲስ ባትሪ ያነሰ ዋጋ ያወጣል፤ በሚገባ ከተያዘም ብዙ ባትሪዎችን ያሳድራል። ያለ ጊዜው የሞተ ባትሪ ሁሉ ደግሞ በውስጡ ብዙ ኪሎ እርሳስ ይዞ ነው የሚጣለው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። በየጓሮው ተሰብሮ ከሚቀልጥ ባትሪ የሚወጣው ጢስና አቧራ ማንን እንደሚያገኝ መናገር አያስፈልግም። እንግዲህ ወደየቤታችን በምንሄድበት ጊዜ በግቢው የቆመውን መኪና ኮፈን ከፍተን፥ ቮልቱን ለክተን፥ ከላይ ያለውን ሒሳብ በወረቀት ላይ ብናደርገው ለባለቤቱም ለመንደሩም ጠቃሚ ነገር ሠራን ማለት ነው። ፀሐዩ እንደ ሆነ በየቀኑ ይወጣል፤ ክፍያም አይጠይቅም።