የዕቁብ ዕጣ ማሽን ስንት ያወጣል?

ኮምፒዩተር በስሌት ብቻ ዕጣ ማውጣት አይችልም። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ግን እውነት ነው። ኮምፒዩተር የታዘዘውን ስሌት ይሠራል፤ ስሌቱንና መነሻ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያውቃል። እውነተኛ ዕጣ ከተፈለገ ማንም የማይተነብየው ነገር ከውጭ መግባት አለበት። ክላውድፍሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚህ ሲል ግድግዳ ሙሉ የሚንቀለቀሉ መብራቶችን በካሜራ ይቀርጻል። ሀብታም ናቸዋ!

ዓለም ጤና ላይ ጉዳዩን ያመጣው ዕቁብ ነው። 40 ሰው ነን፦ ሽንኩርትና ቲማቲም ነጋዴ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ባለሱቅ። ግማሹ አሁን አዳማና ሞጆ ስለገባ እሑድ እሑድ ተሰብስቦ ብጣሽ ወረቀት ከባርኔጣ ማውጣት ከበደ። በሳምንት 1,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 40,000 ይወስዳል። «ዞሮ ዞሮ ለሁሉም ይደርሳል» የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ቀድሞ የወሰደ ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ አበዳሪው ደግሞ መጨረሻ የሚወስደው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት ዕቁቡን ቀድሞ የወሰደና መጨረሻ የወሰደ እኩል ብር ይቁጠሩ እንጂ እኩል ዕቃ አልገዙም። ስለዚህ ዕጣው ቀልድ አይደለም።

ስልክ ከሚጠግን ጓደኛዬ ጋር ማሽኑን ሠራነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተራ ትራንዚስተር ወስዳችሁ ሁለቱን እግሮቹን ገልብጣችሁ 12 ቮልት ስትሰጡት (በመሃል ሬዚስተር ካላስገባችሁ ይቃጠላል) ኤሌክትሮኖች እንደ ናዳ ይወርዳሉ። ናዳው መቼ እንደሚነሳ ማንም አያውቅም። ድምፁን አጉልታችሁ በስፒከር ብትሰሙት ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ነው፤ ሽሽሽ ይላል። ያንን ሽሽታ አርዱዪኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ወደ 0 እና 1 ትቀይረዋለች። ትራንዚስተሮቹን ከሞተ ሬዲዮ ፈታን፤ 12 ቮልቱን ከባጃጅ ባትሪ ወሰድን፤ የቻይና ኮፒ ሰሌዳዋን ከመርካቶ በ1,500 ብር አስመጣን። ሽቦና ሊድ ተጨምሮ 2,000 ብር አልሞላም። ውጭ አገር ተሠርቶ የሚሸጠው ግን ከዚህ ይወደዳል፤ ማስመጫውን ሳንቆጥር።

ወጪው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ግን የጊዜ ወጪ ነው። ሽሽታው ሚዛኑን አይጠብቅም፤ ረፋድ ላይና በቀትር ሙቀት የ1 ብዛት ይለያያል። ለዚህ የሒሳብ ሊቁ ፎን ኖይማን የተወው ዘዴ አለ፦ ቁጥሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርግ፤ 01 ከመጣ 0 በል፣ 10 ከመጣ 1 በል፣ 00 እና 11ን ጣል። ከሚመረተው ቢያንስ ሦስት አራተኛው ይጣላል። ደግሞ ከ40 ሰው ለመምረጥ ስድስት ቢት ያስፈልጋል፤ ስድስት ቢት ግን 64 ቁጥር ይሰጣል። ትርፎቹን 24 ቁጥሮች «ከ1 ጀምራችሁ ድገሙ» ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዎች ዕድላቸው እጥፍ ይሆናል። እነሱም ይጣሉና እንደገና ይወጣል።

ይህን ሁሉ ለዕቁቡ ዳኛ ካስረዳሁ በኋላ ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ባርኔጣውን ገልብጬ አያለሁ። ሣጥኑን በምን ልገልብጠው?»

ጥያቄው ከ2,000 ብሩ በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤዲ ቲፕተን የተባለ ሰው የሎተሪ ማኅበር ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ዕጣ በሚያወጣው ማሽን ላይ ድብቅ ኮድ ጨመረ። በታኅሣሥ 2003 የወጣው 16.5 ሚሊዮን ዶላር ያስያዘው በዚህ ነው፤ በኋላ እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት። እኛም አገር ሐምሌ 1 ቀን 2014 የወጣውን የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ታስታውሳላችሁ። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር፤ የማይገባቸው ሰዎች ዕጣው ውስጥ መካተታቸው ሲታወቅ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ሰረዘው። ስም ዝርዝሩ ከተበላሸ የዓለም ምርጡ ትራንዚስተር ምን ይሠራል?

«ስልክ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ብዙ የስልክ ቺፖች ውስጥ እንዲህ ያለ የዕጣ ምንጭ አለ፤ የሞባይል ባንኪንጋችሁን ምስጢር ለመቆለፍ ያግዛል። ግን የጋሼ ጥያቄ እዚያም አለ፤ ማን ገልብጦ ያየዋል?

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ከዓለም ጤና፣ ከሞጆና ከአዳማ አንድ አንድ ሰው ከ1 እስከ 40 ያለ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይደፋል። ከዚያ ማሽኑ የራሱን ያወጣል። በቴሌግራም ቪዲዮ ሁሉም እያየ ወረቀቶቹ ባንዴ ይገለበጡና አራቱ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከ40 ከበለጠ እስኪገባ ድረስ 40 ይቀነሳል። ሣጥኑን ያበላሸሁት እኔ ብሆን እንኳ ሦስቱ ምን እንደጻፉ ካላወቅሁ ዕጣው ለማን እንደሚወጣ አላውቅም። መደመሩን ጋሼ በእስክሪብቶ ይሠሩታል፤ ካልኩሌተር አያምኑም።