ቀሚስን ያቆመው የውስጥ ልብስ

በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 እስከ ማርች 2017 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የውስጥ ልብስ ታሪክ ዐውደ ርእይ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተሠሩ ከ200 በላይ ዕቃዎችን ያቀረበ ነበር። ሰው እንዳያየው ተብሎ የተሰፋ ልብስ ለሙዚየም እይታ መብቃቱ ፈገግ ቢያሰኝም፣ ዐውደ ርእዩ ያስጨበጠው ቁም ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ በአውሮፓ ፋሽን በየዘመኑ ይለዋውጥ የነበረው የቀሚሱን ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የሴቲቱን ቁመና ጭምር ሲሆን፣ ይህንንም ሥራ ይሠራ የነበረው ከሥር የተደበቀው ልብስ ነው።

ዋናው ምስክር ኮርሴት፣ ማለትም ደረትንና ወገብን አጥብቆ የሚይዝ፣ በማሰሪያ የሚሸመቀቅ ጠንካራ ልብስ ነው። ኒክ ቪዚ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በራጅ ያነሣቸው ምስሎች የልብሱን የውስጥ አሠራር ገልጠው ያሳያሉ። ለኮርሴት ጥንካሬ ይሰጡ የነበሩት ዘንጎች በተለምዶ የዓሣ ነባሪ አጥንት ቢባሉም አጥንት አይደሉም፤ እንስሳው ምግቡን ከባሕር ውኃ የሚያጠልልባቸው፣ ከላይኛው መንጋጋው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚንጠለጠሉ፣ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን የተገኙ ናቸው። ሲሞቁ ስለሚለዝቡ፣ ሲቀዘቅዙም የተሰጣቸውን ቅርጽ ይዘው ስለሚቀሩ፣ ልብስ ሰፊው እንደ ልቡ ያጎብጣቸው ነበር። ነገሩ የባለጸጎች ብቻም አልነበረም፤ አንዲት የእንግሊዝ ሠራተኛ ሴት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የለበሰችው፣ ቤት ውስጥ የተሰፋ የኮርሴት ቀዳሚ ዓይነትም ቀርቧል።

በ1856 የመጣው የብረት ክሪኖሊን፣ ወደ ታች እየሰፉ የሚሄዱ ቀለበቶች በጥብጣብ የተያያዙበት ቀፎ መሰል ቀሚስ መዘርጊያ፣ ተደራርበው ይለበሱ የነበሩትን ከባድ ጉርዶች በማስቀረቱ ሸክም አቅልሎ ነበር፤ ነገር ግን ስፋቱ ከለባሿ ቁጥጥር ውጪ ወደ ምድጃ እሳት እየገባ ለብዙ ሴቶች ሞት ምክንያት ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው ግን በ1917 በጀርመን ከወረቀት የተሠራው ኮርሴት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተጣለው የባሕር እገዳ ጥጥ ወደ ጀርመን እንዳይገባ ሲያግድ ሠሪዎች ወደ ወረቀት ዞሩ፤ ጨርቅ ቢጠፋም ወገብ መታሰሩን አልተወም ማለት ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ ሁለት መሐረብና ጥብጣብ አገጣጥማ ለሠራችው ጡት መያዣ የፈጠራ መብት ያገኘችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ በ1914 ነበር። ኮርሴት በዚህ አከተመ ሊባል ሲል ፈረንሳዊው የፋሽን ንድፍ አውጪ ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ቀጭኑን ወገብ መለሰው፤ በ1958 የተፈለሰፈው ላይክራ የተባለው የሚለጠጥ ክር ደግሞ የዘንጎቹን ሥራ ለጨርቁ አስረከበ።

በአማርኛም የእነዚህ ልብሶች ስም የመጡበትን መንገድ ይናገራል፤ ጡት መያዣ በሥራው ሲጠራ፣ ሙታንታና ካናቴራ ግን ሁለቱም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ቃላት ናቸው።