ዓሣው በዛብን፣ ወዴት እንውሰደው?

ነገሩ የሚጀምረው በሁለት ዓሣ ነው። የልጅ ልጅ ለልደቱ ትንሽ አክቫሪዮም ይሰጠዋል፤ ጥንድ ጉፒ ይገባበትና ሳሎኑ ያምራል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ሁለቱ ሃያ፣ ሃያው ስድሳ ይሆናል። ልጁ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ ይውላሉ፤ ማብላቱና ውኃ መቀየሩ ቤት ለሚውሉት አያት ይተርፋል። በረሆቮት፣ በኪርያት ሞሼ አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ለሁለተኛ አክቫሪዮም የሚሆን ቦታ ከየት ይመጣል?

ባገራችን ዓሣን የምናውቀው በጣና ወይም በወንዝ ነው፤ በመስታወት ማሳደጉን ብዙዎቻችን ያየነው እዚህ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «ነፍስ ናቸው፣ ወንዝ ወስደን እንልቀቃቸው» የሚል ነው። ሐሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ውጤቱ ግን ጉዳት ነው።

ለምን ይበዛሉ?

ጉፒ እንቁላል አትጥልም፤ የምትወልደው እንደ ከብት በሕይወት ነው። በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ ባንድ ጊዜ ከሃያ በላይ ልትወልድም ትችላለች። የወንዱን ዘር በሆዷ ስለምታቆይ፣ ወንዱ ከተለያትም በኋላ ለወራት ትወልዳለች።

ሲበዙ ኩሳቸውና የተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያመጣል፤ በውኃው ያለው ኦክስጅንም ያንሳል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ካደረጉ፣ ርቧቸው ሳይሆን አየር አጥሯቸው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምግብ መጨመር ያባብሰዋል።

እምቦጭን እናስታውስ

ከጎንደርና ከደንቢያ የመጣ ሰው እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ያውቃል፤ ባያይም ከዘመድ ሰምቷል። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለኩሬ ጌጥ እያሉ ካገር አገር አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ለጌጥ የተወሰደ ነገር አምልጦ ሐይቅ አስጨነቀ።

የእስራኤል ወንዞች ደግሞ ከጣና ጋር አይወዳደሩም፤ ትንንሾች ናቸው። ላቭኑን ሃያርኮን የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከዚህ አገር በቀር የትም አይገኝም። በ1999 ድርቅ ሊጠፋ ሲል የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተረፉትን ጥቂቶች ወስደው አራቡ፤ በኋላም ወደ ወንዝ መለሷቸው። እንግዳ ዓሣ ሲለቀቅ ከነዚህ ጋር ምግብ ይሻማል፣ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፣ በሽታም ያስገባል። የተለቀቀውም ቢሆን ብርዱን ላይችለው ይችላል። ሽንት ቤት ማፍሰስማ እንስሳን በከንቱ ማሰቃየት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ወንድና ሴቱን ይለዩ። ወንዱ ትንሽ፣ ጅራቱ ሰፊና ባለ ብዙ ቀለም ነው፤ ሴቷ ትልቅና ቀለሟ ደብዘዝ ያለ ነው። አንዱን ጾታ ብቻ ካስቀሩ መብዛቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቆማል።

ለትርፉ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጉ፦ የእንስሳት ሱቅ፣ ፒናት ሃይ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ማትናስ፣ አክቫሪዮም ያለው ጎረቤት። ሳይደውሉ አይሂዱ፤ ዕብራይስጡ ካስቸገረ የልጅ ልጅ ይደውል። ገንዘብ አይጠብቁ፤ ጤነኛ ዓሣ በነጻ የሚቀበል ከተገኘ በቂ ነው። የታመመ ዓሣ ካለ ግን ሳይደብቁ ይንገሩ።

በሚወሰዱበት ቀን አያብሏቸው። በላስቲክ ከረጢት የራሳቸውን ውኃ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምሩ፣ የቀረው አየር ይሁን፤ አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩና ከፀሐይ ይሸፍኑት። አዲሱ ቤት ሲደርሱ ከረጢቱ እንደታሰረ አክቫሪዮሙ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ ሲስማማ ዓሦቹ በመረብ ይገባሉ።

ልጁንም ይዘውት ይሂዱ። ሳያየው ዓሦቹ ቢጠፉ ያዝናል፤ ለሰው ሲያስረክብ ግን ኃላፊነትን ይማራል። ባገር ቤት እረኛ የነበረ ሰው ሣሩ ስንት ከብት እንደሚችል አይቶ ያውቅ ነበር። የመስታወቱም ሣጥን ያው ነው፤ የሚችለው ልክ አለው። ይህን ለልጅ ልጅ የሚያስተምር ከአያት የተሻለ ማን አለ?