ድሩ የምንድን ነው?

ሽሮ ሜዳ ላይ የአገር ልብስ ከሚሸጡት ሱቆች ጀርባ ወዳለው ሰፈር ገባ ስትሉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ድምፅ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጥቂት ዝምታ፣ እንደገና ጧ። የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጌ ስገባ ሸማኔው ከወገባቸው በታች መሬት ውስጥ ነበሩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እግሮቻቸውን ወደ ታች ሰደዋል። መርገጫውን ጫን ሲሉት ድሩ፣ በቁመት የተወጠረው ክር፣ ለሁለት ይከፈላል፤ በተፈጠረው ክፍተት መወርወሪያው ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራቸው ሾልኮ ያልፋል፤ ከዚያ ጥርሳሙን እንጨት ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው አዲሱን ማግ፣ አግዳሚውን ክር፣ ከቀደመው ጋር ያጣብቁታል። ጧ የሚለው ያ ነው። አንድ ጧ፣ አንድ ክር።

ይዤ የሄድኩት በወረቀት የተሳለ ካፖርት ነበር፤ ሰፊ፣ ጀርባው ላይ ስፌት የሌለበት። ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩትና ሁለት እጆቻቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። «የኔ ልጅ፣ የሸማዬ ወርድ እጄ እስከሚደርስበት ነው» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። መወርወሪያው በእጅ ተወርውሮ በእጅ የሚቀለብ በመሆኑ የባህላዊው ሸማ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ቤት ያለውን ጋቢ ዘርግታችሁ ብታዩት ሁለት ወርድ ጎን ለጎን የተጋጠመበትን ስፌት ታገኙ ይሆናል። ስለዚህ በእጅ ሽመና የራሱን የልብስ ብራንድ ሊጀምር የተነሳ ሰው ንድፉን በወረቀት ከመሳሉ በፊት ሜትር ይዞ ሸማኔው ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል። ጨርቁ ወርዱን ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ በዚያ ወርድ ውስጥ ያስባል። አያቶቻችን ይህን ስላወቁ ይመስለኛል ነጠላና ጋቢ መቀስ የማይነካቸው ልብሶች የሆኑት። በዘመናዊው ስፌት አንድ ልብስ ሲቆረጥ በተለምዶ ከጨርቁ 15 ከመቶ የሚሆነው ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚጣል ይነገራል። ከጋቢ የሚጣል የለም።

«ዘላቂ ፋሽን» የሚለው ቃል አሁን በየባዛሩ ተለጥፏል። እኔ ቃሉን ብዙም አልወደውም፤ የፕሮጀክት ሰነድ ይሸተኛል። እናቶቻችን «ይበረክታል» ነበር የሚሉት። የበረከተ ነጠላ መጀመሪያ የክት ነው። ሲከርም የዘወትር ይሆናል፣ ሲሳሳ ሕፃን ይታቀፍበታል፣ ሲቀደድ እንጀራ ይሸፈንበታል፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ያልቃል። አሁን ደግሞ ከፔትሮሊየም በሚሠራ ፖሊስተር የሐበሻ ቀሚስ መስሎ በማሽን የታተመውን ጨርቅ አስቡት። ቀለሙ ይደምቃል፣ ዋጋው ይረክሳል። ማሰሻ ልታደርጉት ብትሞክሩ ግን ምጣዱ ላይ ይቀልጣል።

እንግዲህ ሸማው ከየት ይመጣል? ከጥጥ እስከ ልብስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ብዙው ደግሞ የሴቶች ጉልበት ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ማለትም ፍሬው ይወጣለታል። በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና ይነፋል፤ ያኔ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ክሩም ልቃቂት ይሆናል። በሽመና ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሸማኔው ቢሆንም አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ቀን ከሌት ማሾር አለባቸው። ፈታዮቹ ቡና እየፈላ፣ ልጅ እየጠባ፣ ጎረቤት እየተጫወተ ይፈትላሉ። ይህ ጊዜ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም። አዲስ ብራንድ የሚያቋቁም ሰው ዋጋ ሲተምን ቀድሞ የሚረሳትም ፈታይዋን ነው።

በዚህም ምክንያት ገበያው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አቋራጭ አግኝቷል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው የእጅ ሽመና ብዙው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ በእጅ የተፈተለው ማጉ ብቻ ነው። ለዚህ ሸማኔውን መውቀስ አይገባም። ድር ይወጠራል፣ ይሳባል፣ ይፋተጋል፤ በእጅ የተፈተለ ክር ለዚያ ካልጠነከረ ይበጣጠስና ቀኑን ሙሉ ቋጠሮ ሲቋጥር ይውላል። ችግሩ የሚመጣው ሻጩ «መቶ በመቶ የእጅ ፈትል» ብሎ ሲለጥፍበት ነው። ጥለቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚያብለጨልጨው ክር በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ስለሆነ «ንጹሕ ጥጥ» የተባለው ቀሚስ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ፕላስቲክ ይሆናል።

ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከድሩ አንድ፣ ከማጉ አንድ፣ ከጥለቱ አንድ ክር ምዘዙና ክብሪት አስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲዳብሱት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ጠቁሮ ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱ ክሮች ሦስት ዓይነት መልስ ከሰጡ ልብሳችሁ ላይ የምትጽፉት መግለጫም ያንኑ ይናገር። «ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ የእጅ ፈትል» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። እኔ ገዢ ብሆን እንዲያውም ይበልጥ አምነዋለሁ።

ጥጡ ራሱስ? ጥጥ ጥሩ ስም ይኑረው እንጂ ውሃ የሚጠጣ ሰብል ነው። አንድ ካናቴራ ለመሥራት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚወስድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በየእርሻው የሚረጨው ፀረ ተባይም ሌላ ዕዳ ነው። አርባ ምንጭ አካባቢ ግን አነስተኛ ገበሬዎች ከአንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ሞክረዋል። መርዝ በመርጨት ፈንታ ጥሩዎቹን ነፍሳት የሚስብ ምግብ ይረጫሉ። ምግቡን ብለው የመጡት ነፍሳት ጥጡን የሚያጠፋውን ትል ይለቃቅሙታል። ነገሩ ድግስ ጠርቶ እንግዳውን ሥራ እንደማስያዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥጥ አግኝቶ «ኦርጋኒክ» ብሎ ለውጭ ገዢ መሸጥ የፈለገ ሰው የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ከሁሉም የታወቀው ጎትስ የሚባለው መመዘኛ ሲሆን፣ ምልክቱን ለመለጠፍ ቢያንስ 70 ከመቶው ኦርጋኒክ ጭረት መሆን አለበት። ለጀማሪ ይህ ውድ ነው። መጀመሪያ ጥጡ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ማወቅ ብቻ እንኳ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አብዛኛው ነጋዴ አያውቅም።

ስለ ቀለም ባጭሩ። የሽንኩርት ልጣጭ ከአሉም ጋር ሲፈላ ከወርቃማ እስከ ብርቱካናማ የሚደርስ መልክ ይሰጣል። ታኒን ያለበት ቅጠል ወይም ልጥ ውስጥ የዛገ ምስማር ከጨመሩበት ቀለሙ ወደ ጥቁር ግራጫ ይከብዳል። እርድ ያምራል፣ ግን አትመኑት። ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሰጣ የእርድ ቢጫ ይከዳል። ለደንበኛ ከመሸጣችሁ በፊት የነከራችሁትን ቁራጭ ለሁለት ቆርጣችሁ አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡና በወሩ አስተያዩአቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሸማኔው የተቀበልኩትን ሸማ በዚያው ሳምንት ለልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ዐሥራ ሁለት ሸሚዝ ተሰፋ። ልኩ ልክ፣ አንገቱ ልክ። አንዷ ዘመዴ ለብሳው፣ አጥባው መጣች፤ እጅጌው ክርኗ ጋ ደርሷል። በእጅ የተፈተለ ክር ልል ነው፣ ብዙ ሸማኔዎችም ድሩ እንዳይበጠስ በዱቄት ሙቅ ይቀቡታል። የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው ሙቁ ይለቃል፣ ክሩ ይሰበሰባል፣ ጨርቁ ያጥራል። ሸማ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ እንደገና መለካት አለበት። ሽሮ ሜዳ ያለ የትኛውም ሰፊ ይህን ያውቃል። እኔ አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ዐሥራ አንዱ ሸሚዝ የዘመድ ልጆች ልብስ ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ከጨርቁ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ መርገጫውን የሚረግጠው ማን ነው? የሽሮ ሜዳ ሽመና በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሰዎች እጅ ነው። ሙያው በአባትና በልጅ መካከል ሲተላለፍ ኖሯል፣ በዚያው ልክም ሲናቅ ኖሯል። «ቁጢት በጣሽ» ስድብ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲታረም እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ንቀቱ ዛሬ በአፍ አይነገርም፣ በዋጋ ይነገራል። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ልጆች ይገባሉ። ከደቡብ «ትምህርት ቤት እናስገባችኋለን» ተብለው መጥተው ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች ታሪክ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ሸቀጦች መካከል የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ አለበት። ይህን ማንበብ ያማል። በአገር ልብስ የሚነግድ ሰው ግን ሳያነብ ማለፍ የለበትም።

መፍትሔው ቢሮ ተቀምጦ ቃለ መሐላ ማስፈረም አይመስለኝም። በደላላ አለመግዛት ነው። ሸማ የተሸመነበትን ቤት ማወቅ፣ ሳይነግሩ ብቅ ማለት፣ ክፍያውን በቁራጭ ሳይሆን በፈጀው ቀን ቆጥሮ ከሸማኔው ጋር ተቀምጦ መስማማት፣ ቀብድ በጊዜ መስጠት። ፋብሪካ በራሱ ከዚህ ይሻላል የሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያወጡትን ይመልከት። የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ፓርኩ ቆሻሻ ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ዘመናዊ ሥርዓት እንዳለውም እወቁ። ውሃው ተቆጥቧል፤ ሰው ግን ረክሷል።

በእጅ ሙያ መንገድ ቀድመው የሄዱ አሉ። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን ብራንድ የጀመረችው አገር ቤት መጥታ ገበያ ያጡ ሸማኔዎችን ካየች በኋላ ነው፤ መነሻዋም የልጆች ልብስ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ስታቋቁም ከባዶ አልተነሳችም፤ ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ፣ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ዓለም የሚገዛው ጫማ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሳባሃር ደግሞ ከጥጥ ሌላ ሐር ይሠራል። የሐር ትሉ የጉሎ ቅጠል ይበላል። ይህ ዓይነቱ ትል የሚያደራው የሐር ጎጆ (ኮኩን) ጫፉ ክፍት በመሆኑ ቢራቢሮው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ባዶው ይፈተላል፤ ትሉን በፈላ ውሃ መግደል አያስፈልግም። ሦስቱም ያደረጉት አንድ ነገር ይታየኛል፦ መንደሩ ቀድሞ የሚያውቀውን ሙያ ይዘው ገቡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዚህ ንግድ የቀን መቁጠሪያ ከባንክ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለነጋዴም ነው። ከገናና ከጥምቀት በፊት፣ ከፋሲካ በፊት ሸማኔው እንቅልፍ የለውም፤ ውጭ ካለው የአገር ልጅም ትእዛዝ ይጎርፋል። በክረምት ግን ጉድጓዱ ዝም ይላል። ትንሽ ብራንድ ለሸማኔው የሚጠቅመው በዚያ ዝም ባለ ጊዜ ሥራ ሲሰጠው ነው። የጠረጴዛ ልብስ፣ የአንገት ልብስ፣ በዓል የማይጠብቅ ሸሚዝ። ይህን ያላሰበ ጀማሪ በታኅሣሥ ከነባር ነጋዴ ጋር ለአንድ ሸማኔ ሲሻማ ይሸነፋል።

የብራንዳችሁን ስምም አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ጥበቃው ሰባት ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ጥለት የሚኮረጀው በሳምንት ነው፤ ስም ግን ከተመዘገበ ይከበራል።

ካፖርቱ በመጨረሻ በሁለት ወርድ ተሠራ። ስፌቱን ለመደበቅ ከመታገል ይልቅ ጥለቱን እዚያው ጀርባው ላይ አወረድነው፤ የሸማኔው ሐሳብ ነበር። አሁን የሚያየው ሰው ሁሉ ስለዚያ ጥለት ነው የሚጠይቀኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ እባካችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ድሩ የምንድን ነው? የሸመነውስ ማን ነው?» በሉ። ሁለቱንም የሚመልስላችሁ ባለሱቅ ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩት።