ምስል የሌለው የቪዲዮ ፋይል

ፕሪሚየር ላይ ተቆራርጦ ያለቀ የሰርግ ወይም የሙዚቃ ቪዲዮ ለቀለም ሥራ ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሲሻገር፣ የሚሻገረው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። ውስጡ አንድም ምስል የለም። ኤክስኤምኤል የሚባል ተራ ጽሑፍ ነው፤ የትኛው ቀረጻ፣ ከስንተኛው ፍሬም እስከ ስንተኛው ተቆርጦ፣ ታይምላይኑ ላይ የት እንደሚገባ ይዘረዝራል። ቀረጻው ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ኤዲተሩ ጽሑፉን በቴሌግራም ልኮ ዲስኩን ካስቀረ፣ ተቀባዩ የሚያየው ሚዲያው እንደሌለ የሚናገር ቀይ ስክሪን ብቻ ነው።

ዝርዝር መላላክ ከቴፕ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። ያስለመደው ሲቢኤስና ሜሞሬክስ በጋራ የመሠረቱት፣ የመጀመሪያ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ሲኤምኤክስ ነው፤ የዝርዝሩ ስም ኢዲኤል ሲሆን ዛሬም ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ያነቡታል። እያንዳንዱ ቁርጥ የራሱ መስመር አለው፤ በመስመሩ ላይ የቴፑ ስምና አራት ታይምኮዶች ይሰፍራሉ። ሁለቱ ከቀረጻው የት እስከ የት እንደተወሰደ፣ ሁለቱ ደግሞ በተሰናዳው ሥራ ላይ የት እስከ የት እንደተቀመጠ ይናገራሉ። ከቀረጻው የተወሰደው 4 ሰከንድ 8 ሰከንድ ከሞላ፣ ክሊፑ በግማሽ ፍጥነት እየሄደ ነው። ይህን ለማሽኑ የምትነግረው ኤም2 የምትባል ተጨማሪ መስመር ናት፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ሥራ ላይ ግማሽ ፍጥነትን 12.5 ብላ ትጽፋለች። አንድ ቁጥር፣ በቃ።

ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ በመደበኛ ፍጥነት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚዘገይ ክሊፕ ግን በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ኤክስኤምኤል ፍጥነቱ የሚለዋወጥባቸውን ነጥቦች መያዝ ይችላል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ኩርባ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ መንገድ ያሰላዋል። ፒክሳር ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኦፕንታይምላይንአይኦ የሚባለው የዝርዝር ፎርማት እንኳ ለፍጥነት በስም ያስቀመጠው ቋሚ ፍጥነትንና የቆመ ፍሬምን ነው።

ቁጥሩ በትክክል ቢሻገርም ሌላ ጣጣ አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ክሊፕ በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ ከሚታዩት ምስሎች ግማሾቹ ካሜራው ያላነሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙ አንዱን ፍሬም ሁለቴ ያሳያል፣ ወይም ጎረቤታሞቹን ያደባልቃል፣ ወይም ኦፕቲካል ፍሎው በሚባለው ስሌት አዲስ ምስል ይፈጥራል። የመጀመሪያው ይንገጫገጫል፤ ሁለተኛው ጥላ ይጥላል። ሦስተኛው፣ መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ ድንቅ ነው። እስክስታ ላይ ግን ጉድ ያፈላል፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ የነጠላው ጥለት እንደ ሰም ይቀልጣል። ፕሪሚየር ላይ አምሮ የታየው ስሎሞሽን ሪዞልቭ ላይ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፦ ፍጥነቱ ተሻግሯል፣ ስልቱ ቀርቷል።

እንደኔ ከሆነ ከስሌቱ ይልቅ ካሜራውን ማመን ይሻላል። በሰከንድ 50 ፍሬም የተቀረጸ በ25 ሲሄድ፣ ግማሽ ፍጥነቱ በሙሉ በእውነተኛ ምስል ይሸፈናል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል ሥር ምስሉ እንዳይርገበገብ ማድረግም ይቀልላል። ዘመድ ከዋሽንግተን በስልክ ቀርጾ የላከው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ30 ወይም በ60 አካባቢ ነው። ኤዲተሩ ይህን ፕሪሚየር ላይ «25 ነህ» ብሎ ካዘገየው፣ ሪዞልቭ ውስጥም በክሊፑ ባሕርይ ላይ ያንኑ መድገሙን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ቁርጦቹ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋሉ።

ልምድ ያላቸው ኤዲተሮች ከኤክስኤምኤሉ ጋር ያለቀውን ሥራ በትንሽ ጥራት አውጥተው ይልካሉ። የቀለም ባለሙያው ከታይምላይኑ ጋር አደራርቦ እያየ ያፈነገጠውን ይይዛል። ፍጥነታቸው የሚዋዥቅ ክሊፖችን ደግሞ እዚያው ፕሪሚየር ላይ ፕሮሬስ በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት አውጥተው በዋናዎቹ ቦታ ይተካሉ። እነዚህ ክሊፖች ከተቆረጡበት በፊትና በኋላ ትርፍ ፍሬም ስለማይኖራቸው፣ በኋላ «ግማሽ ሰከንድ ጨምርልኝ» የሚል ደንበኛ ከመጣ ኤዲተሩ ተመልሶ ፕሪሚየርን መክፈቱ አይቀርም።